ልጆችን ወደ ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ መላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በምንኖር ምእመናን ዘንድ፣ ልጆቻቸው ስምንተኛ ክፍል የደረሱላቸው ወላጆች መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልናል። ጥያቄውም «ልጃችንን ለዘጠነኛ ክፍል ወደ ካቶሊኮች ትምህርት ቤት ብንልከው ሃይማኖታችን ይፈቅዳልን? ቢፈቅድስ ይበጀዋልን?» የሚል ነው። አንዳንዶቹ ነገሩን በልባቸው ቆርጠው ምርቃት ብቻ ፈልገው ይመጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ ክልከላ እንሰማለን ብለው ስለሚፈሩ ሳይጠይቁ ያስመዘግቡና፣ ልጁ በትምህርት ቤቱ ቅዳሴ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ ቁርባን ለመቀበል ቀረበ የሚል ወሬ በሰሙ ጊዜ ደንግጠው ይመጣሉ። ሁለቱም ወገኖች ቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ስላለ፣ በዚህ እትም ጉዳዩን በመጠኑ ዘርዘር አድርገን ለመጻፍ ወደድን።

የወላጆቹ ምክንያት የታወቀ ነው። የመንገዱንና የእፁን ነገር ይፈራሉ፤ ሥርዓት ያለው፣ ዩኒፎርም የሚለበስበት፣ መምህር የሚከበርበት ቤት ይፈልጋሉ፤ ልጁም ጥሩ ኮሌጅ እንዲገባላቸው ይመኛሉ። ይህ ሁሉ ነቀፋ የለበትም። ሆኖም የሚልኩበትን ቤት ምንነት ጠንቅቀው የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በአሜሪካ የተስፋፉት እንደ እኛው በስደተኞች ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአየርላንድ፣ ከጀርመን፣ በኋላም ከኢጣልያና ከፖላንድ የመጡት ካቶሊኮች በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የፕሮቴስታንቶች መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብና የፕሮቴስታንቶች ጸሎት ሲጸለይ አገኙ። ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን ሊተዉ ነው ብለው ስለ ሰጉ ከድህነታቸው እየቀነሱ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ሠሩ። በ1884 በባልቲሞር የተሰበሰቡት ጳጳሳት እያንዳንዱ አጥቢያ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤት እንዲያቆም ደነገጉ። በ1925 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲያስተምሩ ማስገደድ እንደማይቻል ፈረደ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተማሪዎቹ ቁጥር ከ5 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር፤ በአሁኑ ጊዜ ወደ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። ከእነዚህም ከአምስቱ አንዱ ያህል ካቶሊክ አይደለም። ቀድሞ ያለ ደመወዝ ያህል ያስተምሩ የነበሩት መነኮሳትና ደናግል እጅግ ተመናምነዋል፤ ዛሬ ከመቶ መምህራን ከዘጠና አምስቱ በላይ ደመወዝተኛ ምእመናን ናቸው። ክፍያው እንዲህ የናረበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

እንግዲህ እነዚያ ስደተኞች ትምህርት ቤቱን የሠሩት እኛ ዛሬ ስለምንፈራው ነገር ነው፤ የልጆቻቸው ሃይማኖት እንዳይጠፋ። ቤቱ የቆመበት ዓላማ ይህ ስለሆነ፣ ልጃችንን ስንልክ ወደ ገለልተኛ ቦታ እንደምንልክ አድርገን ማሰብ አይገባንም።

በእኛ ዘንድ የጀስዊት ስም ሲነሣ አረጋውያኑ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ምክንያት አላቸው። ጀስዊቶች በ1557 ከጳጳሳቸው ከኦቪዬዶ ጋር አገራችን ገብተው፣ በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ ተከትሎ፣ በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። በ1625 የመጣው አልፎንሱ ሜንዴዝ ጥምቀታችንንና ክህነታችንን እንደ ከንቱ ቆጥሮ፣ በዓላችንንና ጾማችንን ሊለውጥ በመነሣቱ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ይህ የሚረሳ ታሪክ አይደለም።

ነገር ግን ሌላም ታሪክ አለ። በ1945 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከካናዳ የጀስዊት መምህራንን አስመጥተው የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ አደረጉ። መምህራኑ ልብሰ ምንኵስናቸውን ትተው እንደ ዓለማዊ ሰው ሱፍ ለብሰው፣ ሃይማኖታቸውንም ሳይሰብኩ አስተማሩ። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ዶክተር ሉስየን ማት ነበሩ። ከዚያ የወጡ ብዙ ሰዎች አገራቸውንም ቤተ ክርስቲያናቸውንም አገልግለዋል። በአዲስ አበባ የላሳል ወንድሞች በሚመሩት በቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የተማሩ የኦርቶዶክስ ልጆችም ብዙ ናቸው። ስለዚህም ከወላጆች አንዳንዶቹ «እኛም እዚያ ተምረናል፤ ምን ሆንን?» ይሉናል።

አባባላቸው እውነት ቢኖረውም፣ ነገሩ እዚህ አንድ አይደለም። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ቤቱ የእኛ፣ ሕጉም የእኛ ነበር፤ መምህሩ እንግዳ ነበረ። እዚህ ግን እንግዳው የእኛ ልጅ ነው። በዚህ አገር በካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነገረ መለኮት ትምህርት አራቱንም ዓመት የሚሰጥ፣ ፈተናና ውጤት ያለው ትምህርት ነው። ካቶሊክ ያልሆነው ተማሪም ይማረዋል፤ በትምህርት ቤቱ ቅዳሴም ይገኛል። ይህን ትምህርት ቤቱ አይሸሽግም፤ በመመዝገቢያው ጽሑፍ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። አንብቦ ያልፈረመ ወላጅ በኋላ ተታለልሁ ሊል አይችልም።

ልጁ በዚያ ክፍል ምን ይሰማል? አብዛኛው ከእኛ ጋር የሚስማማ ነው፦ ሥላሴን፣ ምሥጢረ ሥጋዌን፣ የእመቤታችንን ክብር፣ የቅዱሳንን አማላጅነት፣ ሰባቱን ምሥጢራት ይማራል። ከመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ እነዚህን ስሞች እንኳ በቀን ውስጥ አይሰማቸውም። የሚለየን ደግሞ መንፈስ ቅዱስ ከአብና ከወልድ ሠረፀ ማለታቸው፣ የሮማው ፖፕ በሁሉ ላይ ሥልጣን አለው ማለታቸው፣ በ1870 የደነገጉት የፖፑ አለመሳሳት፣ የመካነ ንስሐ ትምህርት፣ ከሁሉም በላይ የኬልቄዶን ጉባኤ ነው። በታሪክ መጽሐፎቻቸው ላይ በ451 የተደረገው ጉባኤ እንደ አራተኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይቆጠራል፤ አባታችን ዲዮስቆሮስም እንደ ተወገዘ ይነገራል። አንዳንድ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ድረስ እኛን ሞኖፊዚት ይሉናል። ልጁ ይህን ስም በፈተና ወረቀት ላይ ሲያነብ ስለ ራሱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚናገር እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ተዋሕዶ ማለት መለኮትና ትስብእት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለየት፣ ያለ መለወጥ አንድ መሆን እንደሆነ፣ ከአውጣኪ ኑፋቄም የራቅን እንደሆንን በሚገባው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ ሊነገረው ይገባል። በ1973 የሮማው ፖፕ ጳውሎስ ስድስተኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ ሦስተኛ ስለ ክርስቶስ ያላቸውን እምነት የገለጡበት የጋራ መግለጫ እንዳለም ቢያውቅ መልካም ነው፤ መምህሩን በጨዋነት ለማስታወስ ይረዳዋል።

በፈተናስ ምን ይጻፍ? ይህን የጠየቀን አንድ ብላቴና ነበር፤ ጥያቄውም ከብዙ ትልልቅ ሰዎች ጥያቄ የበሰለ ሆኖ አግኝተነዋል። መልሳችን፣ «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ታስተምራለች» ብሎ የተማረውን በትክክል መጻፍ ነው የሚል ነበር። ይህ ክህደት አይደለም፤ የተማሩትን ማወቅ ነው። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ በአቴና ከአሕዛብ መምህራን ተምረዋል፤ ባስልዮስም ወጣቶች ከግሪኮች መጻሕፍት እንዴት እንዲጠቀሙ የሚመክር ድርሳን ጽፏል። «አንተስ ምን ታምናለህ?» ተብሎ የተጠየቀ እንደሆነ ግን የራሱን ይመልስ።

አሁን ወደ ቁርባኑ ነገር እንምጣ፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ይህ ነውና።

ወላጆች ብዙ ጊዜ «ካህናቸው ካልከለከለው እኛ ምን እናድርግ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ በ1983 የወጣው የካቶሊኮች ሕገ ቀኖና በ844ኛው አንቀጽ፣ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመን በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና ከተዘጋጀ ካህናቸው ሊያቆርበው እንደሚችል ይፈቅዳል። ነገር ግን የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ራሳቸው በ1996 ባወጡት መመሪያ ኦርቶዶክሳውያን የየቤተ ክርስቲያናቸውን ሥርዓት እንዲያከብሩ ይመክራሉ። የእኛ ሥርዓት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሥጋ ወደሙ የሃይማኖት አንድነት ፍጻሜ እንጂ የእንግዳ መስተንግዶ ስላልሆነ፣ በእምነት አንድ ሳንሆን ከሌላ መንበር አንቀበልም። የ1973ቱ መግለጫም ቢሆን ይህን መለያየት አላስወገደም። ስለዚህ ከእነርሱ በኩል ክልከላ አለመኖሩ ለእኛ ፈቃድ አይሆንም።

በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ በወር አንድ ጊዜ ወይም በበዓላት በአዳራሹ ይሰበሰባል። የቁርባን ሰዓት ሲደርስ ረድፉ በሙሉ ይነሣል። የማይቆርቡት ሁለት እጃቸውን በደረታቸው ላይ አመሳቅለው ቡራኬ ብቻ እንዲቀበሉ በብዙ ቦታ ይጋበዛሉ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከረድፉ ብቻውን ቁጭ ብሎ መቅረት ምን ያህል እንደሚከብደው እኛ ትልልቆቹ እንዘነጋለን። በዚህ ጊዜ «እኔ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የምቆርበው በቤተ ክርስቲያኔ ነው» የሚል አጭር ቃል በአፉ ሊኖር ይገባል። ተነሥቶ ቡራኬ ይቀበል ወይስ በቦታው ይቆይ የሚለውን ለንስሐ አባቱ ይጠይቅ፤ እኛ በቦታው ቢቆይ እንመርጣለን። የአመዱን ረቡዕ አመድም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ወላጅ ለትምህርት ቤቱ አስቀድሞ በደብዳቤ ቢያስታውቅ ልጁ በየጊዜው ራሱን ከመከላከል ያርፋል፤ ደብዳቤውንም ደብሩ ይጽፍለታል።

ነገር ግን «የምቆርበው በቤተ ክርስቲያኔ ነው» የሚለው ቃል እውነት መሆን አለበት። እዚህ ላይ ትምህርት ቤቱን ሳይሆን ራሳችንን መመርመር ይገባናል። በእኛ ዘንድ ሕፃናት ይቆርባሉ፤ ጕርምስና ሲጀምራቸው ግን ይቀራሉ፤ እስኪያገቡ፣ ብዙውም እስኪሸመግል ድረስ ወደ ቁርባን አይመለስም። ቀኖናው ይህን አላዘዘም፤ ልማድ ነው። የካቶሊኩ ጓደኛው በየሳምንቱ ሲቆርብ የሚያይ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ «እኔስ መቼ ነው የምቆርበው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ «ስትሸመግል» የሚል መልስ ያገኘ እንደሆነ፣ በትምህርት ቤቱ ረድፍ ላይ የሚያስቀምጠው ምክንያት አይኖረውም። አንዲት እናት በዚህ ነገር ስታማክረን «ጋሼ፣ እኛስ ራሳችን መቼ ቆርበን እናውቃለን?» አለችን። መልሱን ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትፈልግ ነግረናታል፤ እርስዋና ባለቤቷም ከዚያ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ወደ ንስሐ ቀርበዋል።

ስለ ጾምና ስለ በዓላት አጭር ነገር እንበል። የእነርሱ የፋሲካ ጾም የሚጀምረው በአመዱ ረቡዕ ሲሆን፣ በዓርብ ሥጋ ቢተዉም ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል ይበላሉ። ፋሲካችንም አንዳንድ ጊዜ አብሮ ይውላል፤ በ2025 ሁለቱም ኤፕሪል 20 ቀን ነበር። በ2024 ግን የእነርሱ ማርች 31 ቀን ሲውል እኛ ገና መፃጉዕ ላይ ነበርን፤ የእኛ ትንሣኤ ሜይ 5 ቀን ዋለ፤ ኤ.ፒ. የሚባለው ብሔራዊ ፈተናም በማግሥቱ ሰኞ ተጀመረ። ስለዚህ ልጁ ሰሙነ ሕማማትን ከፈተና ዝግጅት ጋር አብሮ ይይዘዋል፤ ስቅለትም የትምህርት ቀን ሊሆን ይችላል። ገናችንና ጥምቀታችንም እንዲሁ ከእነርሱ ዕረፍት በኋላ ይመጣሉ። ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ የባቢሎንን ጽሕፈትና ቋንቋ ሲማሩ የንጉሡን ማዕድ እንቢ ያሉት በቁጣ አልነበረም፤ ሹሙን በትሕትና ለምነው የዐሥር ቀን ፈተና ነው የጠየቁት። እኛም ለርእሰ መምህሩ በመስከረም የዓመቱን በዓላት ዝርዝር ሰጥተን፣ ስለ ምሳውም ተነጋግረን ብንጀምር፣ ሃይማኖት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ቤት ስለሆነ ብዙ ጊዜ በመልካም ይቀበሉናል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በዚህ አካባቢ የብዙዎቹ የዓመት ክፍያ ከ20 ሺሕ ዶላር በላይ ነው፤ ከ30 ሺሕ የሚያልፉም አሉ። መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ስፖርትና መጓጓዣ በዚያ ላይ ይጨመራሉ። በክፍያው ፈርቶ ከበሩ መመለስ ግን ስሕተት ነው። የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ የሚሞላው ከመግቢያው ማመልከቻ ጋር ጎን ለጎን ሲሆን የግብር ወረቀት ይጠየቃል፤ ቀኑ ካለፈ ግን ገንዘቡ ያልቃል። በዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ውስጥ ለሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተ ሰቦች በ2004 የተጀመረ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ አለ፤ ገንዘቡን የሚመድበው ምክር ቤቱ ስለሆነ በየዓመቱ መጠየቅ ያሻል። በታኮማ ፓርክ በ2007 የተከፈተው ዶን ቦስኮ ክሪስቶ ሬይ ደግሞ ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑትን ብቻ ይቀበላል፤ ተማሪው በሳምንት አንድ ቀን ያህል በመሥሪያ ቤት ይሠራል፤ የሠራበት ዋጋ ለትምህርቱ ክፍያ ይውላል። የታክሲና የጋራዥ ሠራተኛ ለሆነው ወገናችን ይህ ሊናቅ የማይገባ መንገድ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ነገር በግልጥ እንናገር። በአንዳንድ ሀገረ ስብከቶቻቸው በካቶሊክ አጥቢያ የተመዘገበ ቤተ ሰብ በቅናሽ ይከፍላል። ይህን የሰሙ ከእኛ ሰዎች ስማቸውን በዚያ አጥቢያ አስመዝግበው፣ መዋጮ የሚሰጡበትን ፖስታ ተቀብለው በቅናሹ የሚጠቀሙ እንዳሉ እናውቃለን። ይህ ሃይማኖትን በጥቂት ሺሕ ዶላር ማከራየት ነው፤ ለካቶሊኮቹም ሐሰት መናገር ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ልጁ ማወቁ ነው። በቅጹ ላይ ሃይማኖት በሚለው ቦታ «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ» ተብሎ ይጻፍ። ጥምቀታችንን ይቀበላሉ፤ ለኦርቶዶክሳውያን የሚደረግ ቅናሽ እንዳለም በቅንነት መጠየቅ አያሳፍርም።

ስለ ትምህርት ቤቶቹ ዓይነት፦ ሁሉም አንድ አይደሉም። ጎንዛጋ በ1821 የተመሠረተ የጀስዊቶች የወንዶች ትምህርት ቤት ነው፤ የጆርጅታውን ቪዚቴሽን በ1799 በደናግል የተቋቋመ የሴቶች ቤት ነው፤ ቅዱስ ዮሐንስ በ1851 በላሳል ወንድሞች ተከፍቶ ዛሬ ወንድም ሴትም ይማሩበታል። ሊቀ ጳጳስ ካሮል በ1951 ሲከፈት ነጭና ጥቁር ወንዶች ልጆችን አብሮ ያስተምር ነበር፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1954 ውሳኔ ገና አልመጣም ነበር። በሌላ በኩል የሜሪላንድ ጀስዊቶች በ1838 ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ባሮችን እንደ ሸጡ የታወቀ ነው፤ ዛሬ እነርሱም ያስተምሩታል። ልጃችን በዚያ እንደ ጥቁር ልጅ ስለሚኖር፣ በሚጎበኙበት ቀን በመምህራኑና በተማሪዎቹ መካከል ምን ያህል ጥቁሮች እንዳሉ ወላጆች በዓይናቸው ይመልከቱ።

ልዩ የትምህርት እርዳታ የሚያገኝ ልጅ ያላቸው ወላጆች አብዝተው ይጠንቀቁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት በሕግ የሚገደድበት ዕቅድና አገልግሎት ከልጁ ጋር ወደ ግል ትምህርት ቤት አይሻገርም፤ ከመፈረም በፊት ትምህርት ቤቱ ምን ሊሰጥ እንደሚችል በጽሑፍ ይጠየቅ። በሞንትጎሜሪና በፌርፋክስ አውራጃዎች እጅግ ጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስላሉም፣ «ካቶሊክ ከሆነ ይሻላል» የሚለው ጭፍን አስተሳሰብ ሁልጊዜ አይሠራም። ጎረቤት ልኳልና እኛም እንላክ ማለት ለአራት ዓመት ዕዳ በቂ ምክንያት አይደለም።

የመግቢያው ፈተና በዋሽንግተን ሀገረ ስብከት አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር ይሰጣል፤ በቃላት፣ በቁጥር አስተሳሰብ፣ በንባብ፣ በሒሳብና በቋንቋ የተከፈለ ነው። ከዚያ በፊት ልጁ አንድ ቀን ከአንድ ተማሪ ጋር በትምህርት ቤቱ እንዲውል ይፈቀዳል፤ ይህን ቀን አያሳልፉት፤ ሲመለስም የራሱን ሐሳብ ይጠይቁት። አልወደድሁትም ያለውን ልጅ በግድ መላክ ገንዘብንም ልጅንም ማባከን ነው። በዚያው ጉብኝት ወላጆች የነገረ መለኮቱን መጽሐፍ አስመጥተው ይመልከቱ፤ የእሑድ ጨዋታና ልምምድ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ለምረቃ የሚጠየቀው የበጎ አገልግሎት ሰዓት በእኛ ደብር ቢፈጸም ይቆጠራል ወይ ብለውም ይጠይቁ። የተቈጠረ እንደሆነ ልጁ በሰንበት ትምህርት ቤት ታናናሾቹን ፊደል ሲያስተምር፣ ለአረጋውያን ምግብ ሲያድል ሰዓቱ ይመዘገብለታል፤ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ይፈርሙለታል። የጥምቀት ምስክር ወረቀትና የካህን ድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልጋቸው ወላጆች ከኅዳር ወር አስቀድመው ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ።